በኔ ስልክ አይታይም

በየመሥሪያ ቤቱ አንድ አለ። ሥራው አልቆ፣ አለቃ ፈገግ ብለው፣ ሰው ለማጨብጨብ እጁን ሲያነሣ ከኋላ ወንበር ጉሮሮውን የሚጠርግ። መልኩም ዕድሜውም ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ንግግሩ ግን የትም አንድ ነው፦ «በኔ ስልክ አይታይም።» እናንተም ታውቁታላችሁ። አላውቀውም የምትሉ ካላችሁ ራሳችሁን ጠርጥሩ።

ይህ ሰው ባለሙያ አይደለም። ባለሙያ ቢሆንማ በባለሙያ ወግ ተከራክሮ መርታት ይቻል ነበር። «አይታይም» ያለን ሰው ግን በምን ይረቱታል? «ይታያል» ቢሉት ስልኩን ያቀርባል፤ ስልኩን ሲያዩት ደግሞ እውነትም አይታይም።

የዛሬው ባለታሪካችን፣ ክቡር አይታይም፣ በአንድ የዓይን ክሊኒክ ካርድ ክፍል የሚሠሩ፣ ጡረታ ሊወጡ መንፈቅ የቀራቸው ሰው ናቸው። ፊት ለፊት ሲጠሩ «ጋሼ» ይባላሉ፤ ክቡርነቱ ከኋላቸው የተሰጣቸው ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሕመምተኛ ካርድ ከመደርደሪያ አውጥተው መልሰዋል፤ ሰው ስሙን ተናግሮ ሳይጨርስ የካርድ ቁጥሩን ይነግሩታል። ሲራመዱ የቀኝ እግር ጫማቸው ሲጥ ይላል። ይህን ድምፅ ልብ በሉልኝ፤ የአንዲት ልጅ መከራ የሚጀምረው ከእሱ ነው።

ልጅቷ የክሊኒኩ ዲዛይነር ናት። ክሊኒኩ ቀጠሮውን ከወረቀት ወደ ስልክ ሊያዛውር ሲነሣ የቀጠራት፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ መስኮት አጠገብ ተቀምጣ ጥፍሯን የምትበላ ልጅ። ሥራዋ ሲያወሩት ቀላል ነው፤ አንዱ የቀጠሮ ገጽ በትልቁ ኮምፒውተርም፣ ነርሶቹ በሚይዙት ታብሌትም፣ በመዳፍ በምትገባው ስልክም ላይ እንደየስፋቱ ራሱን አስተካክሎ እንዲታይ ማድረግ። አግዳሚ ወንበር ላይ ሰው ሲጨመር ጠጋ ጠጋ እንደሚባለው፣ ስክሪኑ ሲጠብ ጽሑፉም ሥዕሉም የሚነካው ቁልፍም ጠጋ ጠጋ ማለት አለበት። ጭንቁ ከአግዳሚው ጫፍ ማንም እንዳይወድቅ ማድረጉ ላይ ነው።

የሙከራ ጊዜዋ ሦስት ወር ነው። ከዚህ በፊት በሠራችበት ቦታ ሦስተኛው ወር ሳይሞላ «እናመሰግናለን» የሚል ደብዳቤ ተሰጥቷት ወጥታለች፤ ከዚያ ወዲህ ሰው ሲያመሰግናት ትደነግጣለች። በር ሲንኳኳ ልቧ ይመታል፤ ስልክ ሲጠራ ልቧ ይመታል፤ ሳይጠራ ሲቀርም «ምን ሆኖ ነው?» ብላ ልቧ ይመታል። ክቡር አይታይም የተላኩት እንግዲህ ለዚህች ልጅ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት የመጀመሪያውን ገጽ በስብሰባ አዳራሹ ትልቅ ስክሪን ላይ አሳየች። ነጭ ላይ ግራጫ፣ ቀጭን፣ እፍ ቢሉት የሚበር የሚመስል ፊደል። ዳይሬክተሯ እጃቸውን አጣምረው «ደስ ሲል! አየር አለው» አሉ። ልጅቷ ከገባች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እፎይ አለች። ያኔ ነው ከኋላ ወንበር ጫማ ሲጥ ያለው።

«በኔ ስልክ አይታይም።»

«ምኑ ነው የማይታየው ጋሼ?»

«ኧረ ሁሉም!»

ስልኩን አቀበሏት። ጀርባው እንዳይወልቅ በላስቲክ የታሰረ ስልክ ነው። ገጹ እንደታጠበ አንሶላ ነጭ ሆኖ ተዘርግቶበታል፤ ፊደል የሚባል ነገር በላዩ የለም። እንግዲህ ይህ የዓይን ሕመምተኛ እንዲያነበው የተሠራ ገጽ ነው። አዳራሹ ውስጥ ከነበሩት አሥራ አንድ የተማሩ ሰዎች አንዱም ይህን አላሰበም። ልጅቷ ፊደሉን አጠቆረችው፣ አወፈረችው፤ ዳይሬክተሯ የወደዱት አየርም በዚያው ወጣ።

በአራተኛው ሳምንት ሌላ ስልክ ይዘው መጡ፤ ጥጉ የተሰነጠቀ። ጽሑፉን ከማሳደጋቸው ብዛት «ቀጠሮዎ» የሚለው ቃል ብቻውን ስክሪኑን ሞልቶ፣ ቀኑና ሰዓቱ የት እንደገቡ አይታወቅም።

«ጋሼ፣ ፊደሉን ለምንድን ነው እንዲህ ያሳደጉት?»

«ለማየት ነዋ!» አሉ፤ ጥያቄው ገርሟቸው።

በሰባተኛው ሳምንት ስልኩን ሲያጋድሉት ሰዓቱ ከቀኑ ላይ ይወጣል ብለው መጡ። በስምንተኛው የፀሐይ ብርሃን ሲያርፍበት ሰማያዊው ከአረንጓዴው አይለይም ብለው መጡ። በዘጠነኛው ሳምንት ልጅቷ የጫማውን ሲጥታ ከደረጃው ስትሰማ ተነሥታ ሽንት ቤት ገባችና በሩን ቆልፋ አሥራ አምስት ደቂቃ ቆየች። ስትወጣ ኮሪደሩ ላይ፣ እጅ መታጠቢያው አጠገብ፣ ስልክ ይዘው ቆመዋል። «አይዞሽ፣ አትቸኩዪ፤ ታጠቢ» አሏት። ታጠበች። ከዚያ «በኔ ስልክ አይታይም» አሉ።

በሌላ በኩል ደግሞ ፕሮግራመሩ አለ። የልጅቷን ሥዕል ወደሚሠራ ነገር የሚለውጠው እሱ ነው፤ የሱም ንግግር አንድ ነው፦ «እኔ ጋ ይሠራል።» ምን ቢነግሩት፣ ምን ቢያሳዩት፣ ወደ ራሱ ስክሪን ዘወር ብሎ ይነካካና «እኔ ጋ ይሠራል» ይላል። ልጅቷ ከፎቅ ይህን፣ ከምድር ቤት ያንን እየሰማች በሁለቱ መካከል ከሳች። ታላቅ እህቷ «ምን ሆነሻል? ጉንጭሽ የት ሄደ?» ስትላት፣ «በኔ ስልክ አይታይም» ብላ መለሰችላት። እህትየዋ ስለ ስልክ የተጠየቀ ነገር እንዳልነበረ ታውቃለች፤ ግን ደንግጣ ትኩሳት እንዳላት ግንባሯን ዳሰሰቻት።

አንድ ነገር ልጅቷን አልፎ አልፎ ግራ ያጋባት ነበር። የጋሼ ስልክ አንድ ሆኖ አያውቅም። አንድ ሰሞን ላስቲክ የታሰረው፣ አንድ ሰሞን የተሰነጠቀው፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ጀርባው ላይ የሕፃን ተለጣፊ ጥንቸል ያለበት። «ሰውየው ስልክ አይበረክትላቸውም» ብላ ደምድማ ተወችው። የጨነቀው ሰው ብዙ አይመረምርም።

አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ዳይሬክተሯ ቀን ቆረጡ። ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ በዚያ ሳምንት የዓይን ቀዶ ሕክምና ላላቸው ስልሳ ሰዎች መልእክት ይሄዳል። መልእክቱን ሲከፍቱት ቀጠሯቸው ይመጣል፤ ከሥሩ ሁለት ቁልፍ፣ «ይሰረዝ» እና «ይረጋገጥ»። የተሰረዘ ቦታ ካለ ልክ በስድስት ሰዓት ማሽኑ ራሱ ወረፋ ለሚጠብቀው ለሌላው ሰው ይሰጠዋል። ዳይሬክተሯ በዚህ በጣም ኮርተዋል። «አንድም ቦታ ባዶ አያድርም» ይላሉ። ሌላም ትእዛዝ ነበራቸው፦ «ወደ ታች መጎተት የሚባል ነገር አልፈልግም። ሁሉም ነገር በአንድ ዕይታ እዚያው ይለቅ።» ልጅቷም ገጹ ወዲያና ወዲህ እንዳይንቀሳቀስ ቀጥ አድርጋ አሰረችው። ሥራው ሰኞ ከተሳካ የሙከራ ጊዜዋ ያበቃል፤ ካልተሳካም ያበቃል።

ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ኮምፒውተሯን ልትዘጋ ስትል፣ ሲጥ።

«ልጄ፣ በኔ ስልክ አይታይም።»

«ምኑ?»

«ይረጋገጥ የሚለው።»

ባለ ጥንቸሏ ስልክ ናት። ልጅቷ ስትቀበላቸው ስክሪኑ ጠፋ፤ ስትነካው የምስጢር ቁጥር ጠየቃት። «ቁጥሩ ስንት ነው ጋሼ?» አለች። ክቡር አይታይም ስልኩን አዩት፣ እሷን አዩ፣ «ቆይ አንዴ፣ መጣሁ» ብለው ስልኩን ይዘው ወደ ደረጃው ሊሄዱ ሲሉ የሦስት ወሩ ጭንቀት በአንዴ ገንፍሎ ወጣ።

«ጋሼ! የገዛ ስልክዎን ቁጥር እንኳ የማያውቁ ሰው! ገጹ ምንም አልሆነም፤ ችግሩ የርስዎ ስልክ ነው። ስልክዎን ይቀይሩ!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ፕሮግራመሩ እንኳ ከስክሪኑ ቀና አለ። ጋሼ ስልኩን እንደ እንቁላል ተጠንቅቀው ደረት ኪሳቸው ውስጥ አስገቡት። «እሺ ልጄ» አሉ። ጫማው ደረጃውን እየቆጠረ ወረደ።

እሷም አፈረች፤ ግን ከማፈር ይልቅ መፍራቱ በለጠባትና ተቀምጣ መረመረች። እንዴት መረመረች? እንደ ሁልጊዜዋ የትልቁን ስክሪን መስኮት ጫፉን በማውስ ይዛ እየጎተተች እያጠበበች ነው። ሲጠብ ጽሑፉ ጠጋ አለ፣ ሁለቱ ቁልፎች ጎን ለጎን መቆም ሲያቅታቸው ተደራረቡ፤ «ይሰረዝ» ከላይ፣ «ይረጋገጥ» ከታች። ሁሉም አለ። ቅዳሜ በእህቷ ስልክ አየችው፣ አለ። እሑድ በእህቷ ባል ስልክ አየችው፣ አለ። ሁሉም ዓይናቸው ደህና፣ ፊደላቸው ደቃቃ የሆነ ሰዎች ናቸው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኼ ነው።

ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ መልእክቱ ሄደ። ሦስቱ፣ ዳይሬክተሯ፣ ፕሮግራመሩና ልጅቷ፣ ቁጥር የሚያሳየው ስክሪን ፊት ቆሙ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ዘጠኝ ሰው አረጋገጠ፤ ዳይሬክተሯ ፈገግ አሉ። አራት ሰው ሰረዘ። «ያጋጥማል» አሉ። ሦስት ሰዓት ላይ የሰረዘው አሥራ አንድ ሆነ። ሦስት ተኩል ላይ አሥራ ዘጠኝ። አራት ሰዓት ላይ ሃያ ሦስት።

«እንዴ!» አሉ ዳይሬክተሯ፤ «ሰው ዓይኑ እንዲበራለት አይፈልግም እንዴ? ስንት ወር ወረፋ ጠብቆ?»

«እኔ ጋ ይሠራል» አለ ፕሮግራመሩ፤ ድምፁ ግን እንደ ድሮው አልነበረም።

«የተሰረዘውን መመለስ ይቻላል?» አለች ልጅቷ።

«ይቻላል። ግን ማን ከልቡ እንደሰረዘ፣ ማን ተሳስቶ እንደሰረዘ በምን አውቃለሁ? በስድስት ሰዓት ቦታው ለሌላ ሰው ይሄዳል። ያኔ ለሁለቱም ሰው ስልክ ደውለሽ አስረጂ።»

ልጅቷ የዓርቡ ነገር ትዝ አላት። ይረጋገጥ የሚለው አይታይም። ይህን ዓርብ ዕለት በአማርኛ፣ ፊት ለፊት ቆመው ነግረዋታል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እሷ ግን ነገር ሁሉ ስትጠረጥር ኖራ ያን አንዱን ሳትጠረጥር የተመነጠረች ናት። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወደ ምድር ቤት ወረደች።

ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ሌላ ሠራተኛ ተቀምጧል። «ጋሼስ?» ስትለው በአገጩ ወደ መጠበቂያው አዳራሽ ጠቆማት። ሦስት ወር ሙሉ በዚያ አዳራሽ በኩል ወደ ሊፍት ስታልፍ አንድም ቀን ቆማ አይታው አታውቅም። ረጃጅም አግዳሚዎች፣ አንድ ዓይናቸው በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ሰዎች፣ ከቀዶ ሕክምናቸው በፊት ለምርመራ የመጡ ሰዎች፣ ተራ ቁጥር የሚጠራ ድምፅ። ጋሼ በሁለተኛው አግዳሚ ፊት ቁጢጥ ብለዋል። የአንዲት እናት ስልክ ይዘዋል፤ ጀርባው ላይ ጥንቸል አለ።

«እኔማ የታየኝ አንድ ነገር ነው» ይላሉ እናትየዋ፤ «እሱኑ ነካሁት። ተሰርዟል አለኝ። ስምንት ወር ጠብቄ! ምን አጥፍቼ ነው?»

«ምንም አላጠፉም እማማ። እስቲ ካርድዎን ይስጡኝ።»

ልጅቷ ጠጋ ብላ ስልኩን አየች። ፊደሉ ትልቅ ነው፤ የእናትየዋ ስም፣ ቀኑና ሰዓቱ ቦታውን ወስደው ከሥራቸው «ይሰረዝ» የሚል አንድ ቀይ ቁልፍ ብቻ ቆሟል። «ይረጋገጥ» ከስክሪኑ በታች ወርዶ ቀርቷል፤ ገጹ ደግሞ እንዳይጎተት ያሰረችው እሷ ራሷ ናት። ከአግዳሚው ጫፍ የወደቀው ይኸው ነው።

«ጋሼ» አለች። «ይህ ስልክ... የርስዎ ስልክ የታል?»

ተነሡ፤ ጉልበታቸው ቋ አለ። ከኪሳቸው ሰፊ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ከራሷ ስልክ የሚበልጥ አዲስ ስልክ አወጡ። «ልጆቼ ናቸው የገዙልኝ» አሉ እንደማፈር ብለው። ገጹን ከፈቱላት፤ ሁሉም ነገር ልቅም ብሎ፣ ሁለቱም ቁልፍ ጎን ለጎን፣ ከመንገድ ማዶ ይነበባል። «በዚህማ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሲታይ ነው የኖረው።»

«ታዲያ ለምንድን ነው ‘በኔ ስልክ’ የሚሉት?»

ጋሼ ወደ አግዳሚው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ምን ልበል ታዲያ? የእገሊት ዓይን አላይ ብሏታል ልበል? ሰው አይታየኝም ማለት ያፍራል ልጄ። ልጁ ፊት ያፍራል፣ ነርሷ ፊት ያፍራል። ታየዎት ወይ ሲሉት ታየኝ ብሎ ያልታየውን ይነካል። ሠላሳ ዓመት እዚህ መስኮት ላይ ሳይ የኖርኩት ይህንኑ ነው። እኔ ዓይኔ ደህና ነው፤ አይታይም ብል ምን እሆናለሁ? ተዋሰኳቸውና ወጣሁ።»

ልጅቷ ያን ጊዜ አለቀሰች። ትንሽ ነው ያለቀሰችው፤ ሰዓቱ አራት ከሩብ ነውና ጊዜ አልነበራትም። ጋሼ ከካርድ ክፍል ያመጡትን ካርቶን ገልብጠው ጀርባውን አሳዩዋት። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ በአዳራሹ ሲዞሩ፣ ተሳስቶ የሰረዘውን ሁሉ የካርድ ቁጥር በእርሳስ ጽፈው ይዘውታል። አሥራ አራት ሰው ነው። «ዛሬ ይኼ እንደሚመጣ አውቄዋለሁ» አሉ። «ስልኩን ያልቀየርኩት ለዚህ ነው» አላሉም፤ ሌላ ሰው ቢሆን ይላት ነበር።

እዚያው አግዳሚ ላይ፣ በእናትየዋ አጠገብ ተቀምጣ ለፕሮግራመሩ ደወለች። ገጹ እንዲፈታ፣ «ይረጋገጥ» ወደ ላይ እንዲወጣ፣ «ይሰረዝ» የነካ ሰው «እውነት ይሰረዝ?» ተብሎ እንዲጠየቅ። ፕሮግራመሩ «እኔ ጋ...» ብሎ ጀመረና «ና ውረድ፣ እዚህ ናና እይ» ስትለው ወረደ። የእናትየዋን ስልክ ሲያይ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ ዘርግቶ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። የተቀመጡት ሁሉ ጠጋ ጠጋ አሉለት።

አሥራ አራቱ ከዝርዝሩ ተመለሱ። የቀሩት ዘጠኙ ቤታቸው ያሉ ናቸው፤ ጋሼና ልጅቷ በካርድ ክፍሉ ስልክ ተራ በተራ ደወሉላቸው። ስምንቱ «አንድ ነገር ብቻ ታየኝ» አሉ። ዘጠነኛው ሰውዬ «እኔ ከልቤ ነው የሰረዝኩት» አለ።

«ለምን?» አሉ ጋሼ።

«ፈራኋ!»

«ፈርተህ ነው? እንግዲያው እዚህ አጠገቤ ካንተ የባሰች ፈሪ ተቀምጣለች፤ እሷም እየሠራች ነው። ረቡዕ በጠዋት ና፤ እኔ በር ላይ እጠብቅሃለሁ» ብለው ስልኩን ዘጉት። ስድስት ሰዓት ሊሆን ስምንት ደቂቃ ሲቀረው ሃያ ሦስተኛው ቀጠሮ ተመለሰ።

ልጅቷ የካርድ ክፍሉ ወንበር ላይ ቁጭ አለች። «ጋሼ፣ ዓርብ ዕለት የተናገርኩት...»

«የተናገርሽው ስለ ስልኬ ነው» አሉ፤ ካርዶቹን ወደ መደርደሪያው እየመለሱ። «ስልኩ ደግሞ የኔ አልነበረም።»

ዳይሬክተሯ ከሰዓት በኋላ ጠሯት። ሁሉንም ተናገረች፤ ዓርብ መነገሯንም፣ አልሰማም ማለቷንም። ዳይሬክተሯ ጥቂት አሰቡና «እኔም ነኝ ገጹ አይጎተት ያልኩት» አሉ፤ የሙከራ ጊዜዋንም በሦስት ወር አራዘሙላት። ከዚያ «እናመሰግናለን» ሲሉ ልጅቷ ክው አለች። ለካ እሳቸው ደስ ብሏቸው ነው።

ጋሼ በመንፈቁ ጡረታ ወጡ። የካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ሌላ ሰው ተቀመጠ፤ ደረጃው ላይ ሲጥ የሚል ነገር ጠፋ። ልጅቷ እፎይ ማለት ነበረባት፤ ግን ጆሮዋ ደረጃው ላይ ቀረ፤ ዝምታው ከሲጥታው ይበልጥ አስጨነቃት። የሳቸውን ዓይነት ሰው በየመሥሪያ ቤቱ አያሳጣ የምለውም ለዚህ ነው።

አንድ ቀን ፕሮግራመሩ የመነጽር ውጤት የሚታይበትን አዲስ ገጽ በስብሰባ አዳራሹ አቀረበ። ያማረ ነው። ዳይሬክተሯ ፈገግ አሉ፣ ሰው ለማጨብጨብ እጁን አነሣ። ከኋላ ወንበር አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

«በኔ ስልክ አይታይም» አለች ልጅቷ።

ፕሮግራመሩ መጥቶ ስልኩን ተቀበላት። መክደኛው በክር የታሰረ፣ የስክሪኑ አንድ ጥግ የጠቆረ ስልክ ነው። ሲነካው ጠፋ፤ መልሶ ሲያበራው የምስጢር ቁጥር ጠየቀው።

«ቁጥሩ ስንት ነው?» አላት።

ልጅቷ ስልኩን አየችው፣ እሱን አየችው።

«ቆይ አንዴ፣ መጣሁ» ብላ ደረጃውን ወረደች።